ሰማያዊዋ መስመር

«አባትሽ ምን ይወድ ነበር?»

 አልቃሿ እማማ ይመኙሽ በድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው የሚስጥርን መልስ ይጠብቃሉ። ነገ ሰልስት ነው፤ ሙሾው የሟቹን መልክ መያዝ አለበት።

«ደግ ሰው ነበር» አለች ሚስጥር።

«የሞተ ሁሉ ደግ ነው፣ ልጄ። አንቺ በሰው አገር አንጎል ታነቢያለሽ ይባል የለ?»

«የአይጥ ነው፣ እማማ።»

«ውይ! ለአይጥ ነው እንዲህ የራቅሽው?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሚስጥር ሳቅም ለቅሶም አልመጣላትም። ከጀርመን የገባችው ትናንት ነው፤ ለቀብሩ አልደረሰችም። ስድስት ዓመት ሙሉ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የአይጥ አንጎል ቁራጭ ስትመረምር ኖራለች። ቁራጯ በብዙ ሺህ ስስ ንብርብር ተከትፋ ፎቶ ትነሣለች፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን የነርቭ ክር በቀለም ይከተላል፤ እሱ የሳተውን ሚስጥር ታርማለች። የአባቷን መልክ ግን ከየት ትጀምር?

«እኔ ልንገርዎ» አሉ አያ አወቀ። ከአባቷ ከየሻው ጋር ሠላሳ ዓመት የስልክ ምሰሶ ላይ የወጡ ናቸው። «የሻው የተቆረጠ ሽቦ አይቶ ማለፍ አይችልም። በሠርጉ ዕለት እንኳ፣ ሙሽራዋን ከአምባ ጊዮርጊስ ይዘን ስንመጣ፣ ማኪናዋን አስቁሞ ከነሱፉ ምሰሶ ወጣ። ሙሽራዋም ‹ማንን ነው ያገባሁት? ሰውየውን ነው ምሰሶውን?› አለች።»

«አላልኩም!» አለች እናቷ የትነበርሽ ከፍራሹ ላይ። ቆይታ ደግሞ፣ «ብያለሁ» አለች።

«ይኼ የእርስዎ ነው፣ አያ አወቀ» አሉ እማማ ይመኙሽ። «እኔ የልጅቱን ነው የምፈልግ።»

እናቷ ወደ ሚስጥር ዞረች። «መልስሽን ሲጠብቅ ነበር። በየቀኑ ‹ሚስጥር ደወለች? ጻፈች?› ይለኝ ነበር።»

ሐምሌ ላይ ከሥራዋ አንድ ሥዕል ልካለት ነበር፤ ባለብዙ ቀለም፣ እንደ ተዘበራረቀ ድር። ከሳምንት በኋላ ጻፈላት፦ «ልጄ፣ ሸጋ ነው። ከታች በግራ በኩል ግን ሰማያዊዋ መስመር ተቋርጣለች። ምን ቆረጣት? ነፋስ ነው ዝንጀሮ?»

ባቡር ውስጥ አንብባ ፈገግ አለች። ማታ እመልሳለሁ ብላ ተወችው። ሦስት ወር አለፈ።

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ኮምፒውተሯን ከፍታ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ሄደች። አንዷ ንብርብር ስትከተፍ ታጥፋ ኖሯል፤ ኮምፒውተሩ አንዷን ክር ሁለት አድርጎ ቆጥሯታል። አራሚዋ እሷው ነበረች፤ ሳታያት አልፋታለች። ሁለቱን ጫፎች ገጠመቻቸው። ሰማያዊዋ ቀጠለች። ሚስጥር ምንም አልተሰማትም። ስልኳን አንሥታ ጻፈች፣ ላከች፤ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

የአባቷ ስልክ፣ ከሩቅ ለሚደውል ዘመድ ሲባል ያልተዘጋው፣ በእናቷ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ጮኾ ነበር። እናቷ ፈታ ይዛዋለች። ፊደል አልቆጠረችም።

«መልእክት ነው መሰል። አንብቢልኝ እስቲ።»

ሚስጥር ተቀበለቻት።

«‹አባዬ፣ ልክ ነህ። ነፋስም ዝንጀሮም አይደለም፤ እኔ ነኝ ሳላያት ያለፍኩ። ቀጥያታለሁ።›»

 እማማ ይመኙሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ይበቃኛል» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ለልጃችን ምን ብለን እንመልስላት?» አለች እናቷ።

  ከዚያ ስልኩን ከሚስጥር እጅ ወስዳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ እንዳይፈታም ቋጠሮውን ደገመችው።