ከሥሩ የነበረው ወረቀት

ገማቿ የአበባ ማስቀመጫውን ገለበጠችው። እስካሁን ነገሩ ሁሉ አምሮ ነበር፤ ሰማያዊውን ቀለም በአጉሊ መነጽር አይታ፣ በእጅ የተጫሩትን ጌጦች ዳስሳ፣ "ጣሊያን ነው፤ ስልሳ ዓመት ይሆነዋል" ብላ ፍሬን አስደስታታለች። ግን ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

"እዚህ ጋ ወረቀት ተለጥፎ ነበር" አለች ገማቿ በጀርመንኛ፣ አራት ማዕዘን የሙጫ ምልክት እያሳየቻት። "የሠሪው ስም ያለበት። የት ሄደ?"

"እንደዚሁ ነው የተሰጠኝ" አለች ፍሬ።

"ያሳዝናል። በዚያ ዘመን እርስ በርስ የሚኮራረጁ ሸክላ ሠሪዎች ብዙ ነበሩ። ወረቀቱ ቢኖር እስከ ዘጠኝ መቶ ዩሮ ያወጣል። አሁን ግን ስልሳ።" ግምቱን ጽፋና ፈርማ ሰጠቻት።

ወረቀቱ የት እንደሄደ ፍሬ አሳምራ ታውቃለች። ኢነንሽታት፣ መሃል ከተማው ውስጥ፣ ቢሮ የምታጸዳ ሴት ናት፤ ባደገችበት ቤት ደግሞ የሰው ዕቃ ሳይታጠብ ሰው ፊት አይቀርብም። ትናንት ከሥራ እንደተመለሰች ማስቀመጫውን ሞቅ ባለ ውሃ ነከረችው። ከሥሩ ያለችውን የጠቆረች ቁራጭ ወረቀት የድሮ የዋጋ ምልክት መስላት፣ የመታጠቢያ ቤት ኖራ በምታስለቅቅበት ፈሳሽ ፈትጋ አነሳቻት። ሲነጣላትም ደስ ብሏት ነበር።

ዕቃው የጎረቤቷ ነው፤ ሕንጻው ሁሉ አደይ ጸሃይቱ የሚላቸው አሮጊት። አስመራ በልጅነታቸው አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገሏት ጣሊያናዊት አገሯ ስትገባ የሰጠቻቸው ነው። ሰኞ አልተንሃይም፣ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ይገባሉ። ልጃቸው አንገሶም ማስቀመጫውን ሊጥለው ነው። "ቆሻሻ አለመሆኑን አስመስክሪልኝ፣ ጓለይ፣ ልጄ" ብለው ነበር የላኳት። "አንገሶም እንደሆነ የሚያምነው የተጻፈ ነገር ብቻ ነው።"

ወደ ሰፈሯ ኦስትሃፈን በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ፍሬ ዕቃውን ታቅፋ ራሷን አጽናናች። ስልሳ ብላለች ብል ውሸት አይደለም። ተጽፏል፣ ተፈርሟል። ስለ መታጠቡ ማን ይጠይቀኛል? እንዲህ እያለች ቤት እስክትደርስ ፊቷ እንደጋለ ነበር።

አደይ ጸሃይቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንገሶም ካርቶን ሲያሽግ ደረሰች።

"እህ? ስንት አሉ?" አለ አንገሶም።

"ስልሳ ዩሮ።"

"አላልኩሽም፣ ማማ? የአልተንሃይሙ ክፍል ጠባብ ነው፣ ፕላትስ የለም። ከሚጣለው አሮጌ ዕቃ፣ ከሽፔርሙሉ ጋ ይወጣል።"

አሮጊቷ አልተከራከሩትም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ "ለካ ሲኞራዬ ንቃኝ ኖሯል" አሉ። "አሥራ ሁለት ዓመት ልጆቿን በጀርባዬ አዝዬ፣ ይሄን እርባና ቢስ ሰጥታኝ ሄደች። እኔ ደግሞ እንደ ጽላት አገር ላገር ይዤው ዞርኩ።"

ፍሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አንገሶም ማስቀመጫውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

"አልናቀችዎትም፣ አደይ። ውድ ዕቃ ነው የሰጠችዎት። ከሥሩ ወረቀት ነበር። እኔ... ትናንት ሳጥበው አነሳሁት። ለገማቿም ዋሸኋት።"

"ያቺን ወረቀት?" አሉ አደይ ጸሃይቱ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ሃምሳ ዓመት ሙሉ አቧራውን ስጠርግ፣ እሷን እንዳልነካት በደረቅ ጨርቅ ዙሪያዋን ነበር የምሄደው። ምን ብለሽ አጠብሽው?"

"ሰው ፊት ቆሽሾ እንዳይቀርብ ብዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ማማን ለማጽናናት ነው የምትይው" አለ አንገሶም።

ፍሬ የግምቱን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከስልሳው በታች በጀርመንኛ፣ ከነግድፈቱ፣ የሠሪው ወረቀት እንደነበረ፣ አጥባ ያጠፋችው እሷ መሆኗን፣ ለገማቿም መዋሸቷን ጻፈች። ስሟን ከነአባቷ አስፍራ ፈረመች። አንገሶም ከኋላዋ ቆሞ አነበበና የያዘውን ካርቶን አስቀመጠ።

ወረቀቱን አጥፋ ማስቀመጫው ውስጥ ልትከተው ስትል አሮጊቷ እጇን ያዙት።

"ውስጡ አይደለም" አሉ። "ከሥሩ ለጥፊው።"

ፍሬ ማስቀመጫውን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አደረገችና አንገሶምን ፕላስተር ጠየቀችው።