የፓራፋንጎዋ ወፍ

«ማን ቀድሞ መታ ብለው ነው የሚጠይቁሽ» አለ ታጁ። «መሀድ ነው በያቸው። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።»

መጋረጃውን በግራ እጁ ገልጦ ግማሽ ሰውነቱን ወደ ሴቶቹ ክፍል አስግብቶ ነበር የሚናገረው። ለቅሶ ቤት ወንድ እንዲህ ሴቶች መሃል አይገባም። ሴቶቹ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ ሳብ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሀፊዛ ግን ቀና ብላ አየችው። ታጁ የሟች ባሏ የሐቢብ ታናሽ ወንድም ነው። መርዶው እንደደረሰው ከድሬዳዋ ተነስቶ፣ አፈር ሲመለስ ነበር የደረሰው። ዐይኑ ቀልቷል። ቀኝ እጁ ላይ የጠመጠመው ጨርቅ ደም አዝሏል፤ ከመቃብር ሲመለሱ የግቢውን የቆርቆሮ በር በቡጢ ሲደበድብ ቆርጦት ነው።

«ሰማሽኝ ወይ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ነገ የነመሀድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። መርማሪውም አብሯቸው ነው። ከአንቺ በቀር ያየ የለም። አንቺ ከተናገርሽ ልጁ ይረሸናል። እኔ ወንድሜን አፈር አልብሼ፣ እሱ በእናቱ ቤት ሻይ እየጠጣ አይኖርም።»

መጋረጃው ወደቀ።

ውጪ፣ በሐርጌሳ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ጠባብ መንገድ ላይ በተተከለው ድንኳን ሥር፣ ወንዶቹ ቁርአን ይቀራሉ። ውስጥ ደግሞ ሴቶቹ በወተት የፈላ ሻይ እያዞሩ ሟቹን ያነሱት ጀመር። አንዷ «ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው» አለች። ሌላዋ «የልጄን ብስክሌት ስንቴ አበጅቶለታል፣ አላህ ይርሐመው» አለች። ከሀፊዛ አጠገብ የተቀመጠችው የእናቷ ልጅ ኡምሰልማ ደግሞ በሹክሹክታ «የእነሱን ዘር አላህ ይንቀለው» እያለች ጉልበቷን ትመታለች።

ሀፊዛ ሁሉንም ትሰማለች። ዝንብ እሽ የማይል ሲሉ ግን ዐይኗን ከመሬት ላይ አነሳች፤ መልሳም ጣለችው።

ለዚህ ሁሉ ጦስ የሆነችውን ብስክሌት ያመጣቻት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ እያለ የሚጠራት ዳሀቦ ናት። ዳሀቦ ልጅ ሳለች ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ አባቷን አጥታ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደች፤ ድሬዳዋ አደገች፤ አማርኛዋም የድሬዎች ነው። አገር ሰላም ሆኖ ስትመለስ፣ ከፈረሰው ቤታቸው ግድግዳ ሥር የአባቷን ብስክሌት አወጣች። ዝገት በልቷታል፤ ፍንጣሪ በስቷታል። ከፊት ጎማዋ ጭቃ መከላከያ፣ ከፓራፋንጎዋ ጫፍ ላይ ግን ከአውራ ጣት የማትበልጥ የነሐስ ወፍ፣ ክንፏን እንደዘረጋች፣ አንድ ላባ ሳይጎድልባት ተቀምጣ ነበር።

«እንድትነዳ አድርግልኝ» አለችው ሐቢብን፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ወዳለው የብስክሌት ጋራዡ አምጥታ ስታቆማት። «ግን ምንም እንዳትነቅልብኝ። አባቴ በየጠዋቱ ይቺን ወፍ በሸሚዙ እጅጌ ሳይወለውላት አይወጣም ነበር።»

ችግሩ የመጣው ከልጇ ነው። መሀድ ከጓደኞቹ ጋር በበርበራ መንገድ ላይ ብስክሌት ይሽቀዳደማል። የአያቱ ብስክሌት አጥንቷ ጠንካራ ነው፤ ትርፍ ትርፉ ቢወርድላት ከማንም እንደማታንስ አምኗል። በየጊዜው እየመጣ ሐቢብን ይነዘንዘዋል።

«ፓራፋንጎው፣ የካቴናው ሽፋን፣ ዲናሞው፣ አርማው፣ ይቺ ወፍ። ይውጡ። ብስክሌት ሥራዋ መሄድ ነው። ይሄ ሁሉ ጌጥ ነው።»

ሐቢብ ቀና ሳይል «ጌጥ ነው» ይለዋል። «እናትህ ትውጣ እስክትል ግን ትቀመጣለች።»

ሀፊዛ ጥግ ላይ ሆና ኒኬል ስትወለውል ይህን ክርክር ብዙ ቀን ሰምታለች። ቀለሙንና ማጽዳቱን የምትሠራው እሷ ነበረች። የባሏ የአንገት ሥር እየተገተረ መምጣቱንም የምታየው እሷ ነበረች።

ቀትር ሲያልፍ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። የገባችው ዳሀቦ ናት። ጥቁር ጅልባብ ለብሳለች፤ ብቻዋን ነች። ሴቶቹ ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች ዳሀቦ በሩ ላይ እንደቆመች። «ሀፊዛ ልጄ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

ኡምሰልማ የሻዩን ማንቆርቆሪያ እንዳነሳች ማንም ልብ አላለም። ሁሉም ዞር ያለው ዳሀቦ ስትጮህ ነው። የፈላው ሻይ ከትከሻዋ እስከ ክንዷ ወርዶባት፣ ጅልባቧ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቋል። ኡምሰልማ ማንቆርቆሪያውን ልትደግምባት ስታነሳ ሀፊዛ በሁለት እጇ ያዘችው። የጋለው ብረት መዳፏን ለበለባት። አለቀቀችም።

«ለቅሶ የመጣ ሰው አይደበደብም» አለቻት። «በእኔ ቤት አይደረግም።»

ዳሀቦ አልሄደችም። አሮጊቶቹ ክንዷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱላት ጥርሷን ነክሳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሀፊዛም አጠገቧ ተቀመጠች። መዳፏ ሲነድ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐቢብን እንደነበረው አድርጋ አሰበችው።

ብሎን ሲያስር እንደ እናት ነው። ትንሿን ቀለበት በጥጥ ጠርጎ፣ በእስትንፋሱ አሙቆ፣ ቦታዋ ላይ ያስቀምጣታል። ያው እጅ ሲቆጣ ሌላ ነበር። አንድ ደንበኛ የአሮጌ ብስክሌት ደወል አውጥቶ ቆሻሻ ላይ ሲጥል አይቶ፣ ሰውየውን በኮሌታው ጎትቶ ፊቱን ከግድግዳ ጋር አላትሞታል። አንድ ጊዜም እሷን፣ በሥራ ላይ በተነሳ ጭቅጭቅ፣ ሊመታ የወረወረው ቡጢ ከጆሮዋ ሥር ግድግዳው ላይ አረፈ። ልስኑ ትከሻዋ ላይ ረገፈ። ከዚያ ወዲያ ሲቆጣ ከፊቱ ዞር ማለት ለመደች። የመታው ሰው ሲደማ ሲያይ ደግሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እሷም ያን ለቅሶ አይታ ይቅር ትለዋለች።

ምክንያቱን አንዴ ብቻ ነግሯታል። አባታቸው ድሬዳዋ ከሥራ ሲመለስ የጭነት መኪና ሄደበት። ሐቢብ ለአቅመ አዳም ገና መድረሱ ነበር፤ ሬሳ ለይ ተብሎ ተጠራ። «ፊት የሚባል አልነበረውም» አላት። «አስፋልቱ ላይ ያለው ሥጋ የማን እንደሆነ በምን ልወቅ? ብስክሌቱ አጠገቡ ተጨማድዷል። ፓራፋንጎው ላይ ራሱ የበየዳት የቆርቆሮ ኮከብ ነበረች። በእሷ ነው አባቴ ነው ያልኩት።»

ያቺን ኮከብ ታጁ በልጅነቱ ፈልቅቆ በሲጋራ ለወጣት። ሐቢብ በመፍቻ የፊት ጥርሶቹን አረገፈለት። ከዚያም አዝሎት ሐኪም ቤት ሮጠ። ታጁ እስከ ዛሬ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ድንኳኑ ሥር በትራቸውን አጠገባቸው አጋድመው ተቀመጡ፤ መርማሪው ከጎናቸው ቆመ። ዳሀቦ ክንዷን በነጭ ጨርቅ አስራ ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ ነበረች። ታጁ ከሁሉም ፊት ቆሟል። ሀፊዛ ለባሏ ሞት የሐዘን ጊዜ የምትጠብቅበት ኢዳ ላይ ናትና ከመጋረጃው ኋላ ሆና እንድትናገር ተነገራት። እሷ ግን መጋረጃውን አልፋ ደፉ ላይ ቆመች።

«በሶማሊኛም እደግመዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን በአማርኛ ልናገር። ታጁ ከእኔ አፍ እንዲሰማው።»

ታጁ ራሱን ነቀነቀ።

«ሐቢብ ለዐሱር ሶላት መስጊድ ሄዶ ነበር። መሀድ ካቻቢቴ ይዞ መጣና ወፏን ከፓራፋንጎው ላይ መፈልቀቅ ጀመረ። ተው፣ አይሆንም አልኩት። ቀልድ መስሎታል። ሐቢብ ሲመለስ ወፏ በልጁ እጅ ላይ ነበረች። የፔዳሉን መፍቻ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ቀድሞ የመታው ሐቢብ ነው። ጆሮው ላይ መታው። ልጁ ወደቀ፣ ደሙ ዐይኑ ውስጥ ገባ። ሐቢብ ሊደግመው መፍቻውን ሲያነሳ፣ ልጁ በጀርባው እንደተኛ በሁለት እግሩ ገፈተረው። ሐቢብ ወደ ኋላው ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የታሰረው የብረት መያዣ፣ ሞርሳው...» እጇን ወደ ማጅራቷ ወስዳ አሳየቻቸው። «እዚህ ጋ አገኘው። ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ልጁ አልሸሸም። ተነስ አባባ፣ ተነስ እያለ አብሮኝ ተሸክሞታል።»

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየችም። መሬት ላይ ሆና ነው የታጁን ድምፅ የሰማችው።

«ሬሳውን ትሰድቢያለሽ? ገና አፈሩ ሳይደርቅ ወንድሜን ነፍሰ ገዳይ ታደርጊዋለሽ?»

ወንዶች ዘለው ያዙት። ከእጃቸው አፈትልኮ ወደ ጋራዡ ሮጠ። መዶሻውን አንስቶ በዳሀቦ ብስክሌት ላይ ወረደባት። የፊት መብራቷ ረገፈ። አርማዋ ተጎርዶ ወደቀ። የካቴናው ሽፋን እንደ ወረቀት ታጠፈ። ሽማግሌዎቹ ሊቀርቡት ሲሉ መዶሻውን አዞረባቸውና ወደ ኋላ አሉ። በመጨረሻም ከጠረጴዛው ላይ ወፏን አየ። አንስቶ ሞርሳው ላይ አስቀመጣት። የብረቱ ጠርዝ ላይ የሐቢብ ደም ደርቆ ጠቁሮ ነበር።

«ምታት» አለች ዳሀቦ ከኋላው። ድምጿ አልተነሳም። «ምታት ልጄ። አትንቀሉብኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ከፍርስራሹ ሥር በቀረች ኖሮ።»

ታጁ መዶሻውን ከጭንቅላቱ በላይ አነሳ።

ሀፊዛ ከከንፈሯ ደም እየጠረገች ገባች። «ታጁ» አለችው። «አባትህን በምን ለያችሁት?»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ታጁ አልዞረም። መዶሻው ከእጁ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ፤ እሱም ተከትሎት በጉልበቱ ወረደ። አፉን በእጁ አልሸፈነም። ጥርስ በሌለው ድዱ እያለቀሰ «መትቶኝ ነበር» አለ። «እኔንም መትቶኛል። ግን እኮ ወንድሜ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ባሌም ነው።»

ሽማግሌዎቹ ቃሏን ተቀበሉ፤ መርማሪው በሶማሊኛ አስደግሟት ሄደ። መሀድ እንደማይረሸን ያን ዕለት ታወቀ። እስሩ ግን አልቀረለትም። ከሰዓት በኋላ ዳሀቦ ብስክሌቷን ልትወስድ ስትል የተጣመመው ፓራፋንጎ ጎማውን ነክሶ አላንቀሳቅስ አላት። ታጁ ተነስቶ በእጁ አቃናው። ከዚያ ካቻቢቴ ፈለገና ወፏን በቦታዋ አሰራት። ክንፏ ትንሽ ወደ ግራ ዘመመ። ዳሀቦ በደህናው እጇ መሪውን ይዛ፣ የተሰባበረችውን ብስክሌት እየገፋች በቆርቆሮው በር ወጣች።

ሦስቱ ቀን አልቆ ድንኳኑ ተነቀለ። ታጁ ምንጣፎቹን ሊመልስ ወጥቶ ሳለ የግቢው በር ተቆረቆረ። ሀፊዛ ከፈተችው። ቸርነት የሚባል ዳቦ አመላላሽ ነው፤ ከዳሚ ሰፈር እስከ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ላሉ ሱቆች በብስክሌት ያደርሳል። ለሥራ በርበራ ሰንብቶ መመለሱ ነው፤ መርዶውን አልሰማም። የኋላ ጎማው ተኝቷል።

«እንደምን ዋላችሁ። ሐቢብ አለ?» አለ።

ሀፊዛ አየችው።

«ቆይ» አለችው።

ከጋራዡ የጎማ መንፊያውን አምጥታ ሰጠችው። እሱም እያመሰገነ ጎንበስ ብሎ ይነፋ ጀመር። መንፊያው ሲወጣና ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ በሩን ተደግፋ አዳመጠች። ጎማው ሞላ። ቸርነት መንፊያውን መልሶ ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ፣ የቫልቩ ክዳን እንደሌለ አየች።

«ቆይ እስቲ።»

ከሐቢብ ጣሳ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክዳን መርጣ መጣችና መንገዱ ላይ ተንበረከከች። አቧራውን፣ ሐቢብ ያደርግ እንደነበረው፣ በሻሻዋ ጫፍ ጠረገችው። በሁለት ጣቷ ይዛ፣ የተቃጠለ መዳፏ እያመማት፣ ቀስ አድርጋ አዞረቻት። እስክትጠብቅ አዞረች። ከጠበቀችም በኋላ፣ ሰውየው እስኪጨነቅ ድረስ፣ ጣቶቿን ከክዳኗ ላይ አላነሳችም።