የሟቿ አዲስ ዘፈን

ታረቀኝ እግር የማያነሳ ዘፈን አያሳትምም ነበር። «ለልቅሶ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የኔ ሸክላ ለጭፈራ ነው» ይል ነበር። አዲስ አበባ ሳለ «ጠጅሳር» የሚል የራሱ የሸክላ ማሳተሚያ ነበረው። ማንም ሳይደግፈው፣ ሁለት ሁለት ዘፈን እየቀረጸ ናይሮቢ ልኮ እያሳተመ አሥራ አራት ሸክላ አወጣ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ጭፈራ ቤቶቹ ተዘጉ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ካሴት መጣና ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ታረቀኝ ያልተሸጠለትን በሳጥን አስጭኖ አሶሳ ገባ። የወሎ ሰፋሪ በአውቶቡስ እየተጫነ እዚህ ይራገፍ ነበርና፣ አገሩን የናፈቀ ሰው ዘፈን እንደሚገዛ ገብቶታል።

እኔ ዲማ እባላለሁ። የጊምቢ ሰው ነኝ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ። በ1977 ታረቀኝ ዘንድ ስቀጠር ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ። ሥራዬ ከሸክላ ወደ ካሴት መገልበጥ፣ አዲስ ዘፋኝ ሲገኝ መቅረጽ፣ በበዓል ቀን ድምፅ ማጉያ መትከል ነበር። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር እሑድ እሑድ አምስት ስድስት ሆነን እኔ ቤት በር ዘግተን እንጸልያለን። ታረቀኝ ይህን ያውቃል። አንድም ቀን በግልጽ አስፈራርቶኝ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ብቻ ፈገግ ብሎ፣ «ትናንት መዝሙሩ እንዴት ነበር?» ይለኛል።

በ1978 የድሮዎቹን ሸክላዎች አዲስ ሽፋን እያለበሰ፣ በካሴትም እየገለበጠ በድጋሚ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አልሄዱለትም። ከዚያ የየወርቅውሃ ተራ ደረሰ። የወርቅውሃ የቆቦ ልጅ ናት፤ በ1966 ደሴ ጭፈራ ቤት ስትዘፍን አግኝቷት አንድ ሸክላ ካስቀረጻት በኋላ ሙላው የሚባል ገበሬ አግብታ ከሙያው ወጣች። ታረቀኝ «በድርቁ ሞታለች ሲሉ ሰማሁ» አለኝ። ከማን እንደሰማ አልጠየቅሁትም። የሸክላውን ሽፋን ጥቁር መስመር አስከበበው፤ በካሴቱ መጀመሪያ ላይም «በድርቁ ላጣናት ለየወርቅውሃ መታሰቢያ ይሁንልን» ብሎ በራሱ ድምፅ ተናገረ።

ጉድ ሆነ። ዘፈኑ ያው የድሮው የጭፈራ ዘፈን ነው፤ ሰፋሪው ግን እያለቀሰ ይጨፍርበት ጀመር። ሁሉም ሳይቀብረው የቀረ ሰው ነበረው። ቡና ቤቶች ሸክላውን ወሰዱ፤ ሹፌሮች ካሴቱን እስከ ፓዌ አደረሱት።

ሰኔ ላይ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ አውጥቼ ያንኑ ዘፈን ለቅቄዋለሁ። ራሷን የተላጨች፣ ዓይኗ በወባ ቢጫ የሆነ ሴት መጥታ ማጉያው ፊት ቆመች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለችም። ሲያልቅ ደረጃውን ወጥታ፣

«ጋሽ ታረቀኝ» አለች። «እኔ እኮ አልሞትኩም።»

ታረቀኝ አይቶ አወቃት። ከንፈሩ ሲደርቅ አይቻለሁ። ሱቁ ውስጥ ግን ስምንት ዘጠኝ ገዢ ነበር።

«ማነሽ አንቺ?»

«የወርቅውሃ ነኝ። መንደር ሃያ አንድ ነው ያሰፈሩኝ።»

«የወርቅውሃ ሞታለች፤ ነፍሷን ይማር። እሷ ነኝ ካልሽ ዝፈኚዋ። ሰው ይፍረድ።»

ዘፈነች። ረሃቡና ወባው ድምፅዋን በልተውት ነበር፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ሲል ይጎረብጣል። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አንዲት ሴት «በሙት ስም ትለምኛለሽ? አታፍሪም?» ብላ ሰደበቻት። ታረቀኝ አላስቆማትም፤ እጁን አጣጥፎ እስከ መጨረሻው አስዘፈናት። ከዚያ ሰዉን ሸኝቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ በርጩማ ሳበላት።

«አውቄሻለሁ፣ የወርቄ» አለ። «ግን እስቲ አንቺው ንገሪኝ፤ በሕይወት አለሽ ብል ማን ያለቅስልሻል?»

«እንዲለቀስልኝ አልመጣሁም።»

ገንዘብም አልጠየቀችም። የፈለገችው አንድ ነገር ነበር። በድርቁ ጊዜ ከባሏ ጋር በገባችበት መጠለያ ስንዴ ልትቀበል ተሰልፋ ሳለ ወንዶቹን ለብቻ አሰባስበው ለሰፈራ ጫኗቸው። ተመልሳ ስትመጣ የሙላው ጋቢ ብቻ መሬት ላይ ቀርቶ አገኘችው። በኋላ ፓዌ መውረዱን ሰማች። መጻፍ አትችልም፤ ለሰፋሪ ይለፍ የሚሰጥ የለም። እና አሁን ካሴቱ ፓዌ ይደርሳል ሲሉ ሰማች።

«ሞታለች የሚለውን ከሰማ ያልቅልኛል» አለች። «ሌላ ዘፈን ልዝፈንልህ፣ ጋሽ ታረቀኝ። ያለሁበትን በዘፈኑ ልንገረው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ታረቀኝ ጥቂት አሰበ። «ያ የተሰበረ ድምፅሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለካሴት ይሆናል። እሺ። ቃሌ ነው።»

ረቡዕ ቀረጽናት። አንድ ክራር ተጫዋች ነበር፣ ሦስት የሰፈራ ሴቶች ያጨበጭቡላታል። ያን ቀን ወባዋ ተነስቶባት ትንቀጠቀጥ ነበር። በመሃል «ትንሽ ልተኛ» ስትል ታረቀኝ «ተይ፣ ትኩሳቱ ድምፅሽን አሙቆልሻል፤ ሳይበርድ ጨርሺ» አላት። አምስት ጊዜ አስደገማት። ዜማው እስክስታ የሚያስወርድ ነው፤ ግጥሙን የሠራችው ራሷ ናት፦

ቆመህ አትጠብቀኝ፣ ናልኝ ወደ እኔ፤
መንደር ሃያ አንድ ላይ፣ መንገድ ያያል ዓይኔ።

ስትጨርስ የታረቀኝን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። «ኧረ ተይ!» ብሎ አነሳት። ሴቶቹ ደግፈው ወሰዷት። ገና ከበሩ ሳይርቁ ታረቀኝ ወደ እኔ ዞረ።

«ናልኝ የሚለውን ቁረጠው። መንደሩንም።»

«ቃል ገብተህላት?»

«በሕይወት ካለች የመታሰቢያውን ካሴት ማን ይገዛል? ውሸታም አትለኝም ከተማው? ይህ ከመሞቷ በፊት የቀረጽነው፣ ሳይወጣ የቆየ ነው እንላለን።»

«ጋሼ፣ ባሏን እኮ ነው የምትፈልገው።»

ዓይኔን እያየ ፈገግ አለ። «ትናንት መዝሙሩ እንዴት ነበር?»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ትናንት ማክሰኞ ነው፤ መዝሙር አልነበረም። የፈለገው እንዲገባኝ ነው፤ ገባኝ። የቴፑን ክር በምላጭ ቆረጥኩ፤ የተረፈውን አጣበቅሁ። ንጹሕ ሥራ ነበር። መጋጠሚያውን እኔ ራሴ ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም። ከግጥሙ የቀረው «ቆመህ አትጠብቀኝ» የሚለው ብቻ ሆነ። ባዶውን ለመሙላት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

ካሴቱ ከፊተኛው ይበልጥ ሄደ። የወርቅውሃ ማጫወቻ የላትም፤ የመንደራቸው ቴፕ በካድሬው እጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ትመጣና በሩ ላይ ቆማ፣ «ደረሰ?» ትላለች።

«ፓዌ ገብቷል» ይላታል ታረቀኝ።

ፊቷ ሲበራ እያየሁ የሬዲዮ ሆድ ውስጥ አንገቴን እደፋለሁ። ስትመጣ ካሴቷን እንዳላጫውት ታረቀኝ ነግሮኛል፤ እሱ ባይነግረኝም አላጫውትም ነበር።

ዐወድ የሚባል የኩርሙክ ሰው ለሰፈራው የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። በሐምሌ ዘር ጭኖ በነቀምት ዞሮ፣ በቻግኒ አድርጎ ፓዌ ሊገባ ሲነሳ፣ የወርቅውሃ መንገድ ላይ ጠብቃ ባሏን እንዲያፈላልግላት ለመነችው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተመለሰ። ቅዳሜ ነበር፤ ታረቀኝ ለጉዳይ ባምባሲ ሄዷል። ሱቁ በር ላይ አገኛት። ዐማርኛው የሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ወንድና ሴት ይቀላቅላል።

«ወላሂ፣ እህቴ፣ ሰውዬው አገኘሁ» አላት። «ደህና ነው። ሙላው ደህና ነው።»

መሬት ላይ ዘጭ ብላ እልል አለች። ዐወድ አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ ያዞረዋል።

«ሌላም አለ። የፊቱን ካሴት ሰማ፤ አላመነም። ሰዎች ‹ሞተ፣ አልቅስ› አሉት። ‹ሬሳዋን ሳላይ አላለቅስም› አላቸው። ሁለተኛው መጣ። ያንተ ድምፅ ነው፤ አወቀ። ‹አትጠብቀኝ› ይላል። ሦስት ቀን አልበላም። ከዚያ አለቀሰ፣ ራሱን ተላጨ። የሰፋሪው ጉባኤ አንድ መበለት ሰጠው፤ ሁለት ልጅ አለው፣ ሴትየዋ።»

«አልሞተችም አላልከውም?» አለች የወርቅውሃ።

«አልኩት! ‹ሕያው ነው፣ በዓይኔ አየሁት፣ መንደር ሃያ አንድ› አልኩት። ከዚያ...» ዐወድ ወደ እኔ አየ፤ ላድነው የምችል ይመስል። «‹በሕይወት ካለች ደግሞ ይባስ፤ አትጠብቀኝ ያለችኝ በአፏ ነው፤ አሁን ቤት አለኝ፤ እንዳትመጣብኝ› አለ። ሰላም በልልኝ አላለም። እኔ አልዋሽም፣ እህቴ፤ ሐራም ነው።»

ለረጅም ጊዜ ከመሬት አልተነሳችም። ስትነሳ ወደ እኔ መጣች።

«ዲማ፣ አጫውትልኝ።»

አጫወትኩላት። ድምፅዋ ሲመጣ ጭንቅላቷን አዘንብላ ትሰማ ጀመር። «ቆመህ አትጠብቀኝ» አለ ካሴቱ። ጠበቀች። «ቆመህ አትጠብቀኝ» አለ ደግሞ። ሦስተኛውን ስትሰማ እጇን ቴፑ ላይ ጫነች።

«‹ናልኝ› የታለ?»

«ክሩ ተበላሽቶ ነው» አልኳት።

«መንደሩስ?»

«እሱም።»

እጄን አየችው፤ ከዚያ ፊቴን። «ክር እየመረጠ ይበላሻል?» አለች። ወጥታ ሄደች።

መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ደረሰ። ከየመንደሩ ሰፋሪው በሰልፍ ወጥቶ ሜዳውን ሞላው። እኔ ከመድረኩ ሥር የድምፅ መሣሪያውን ይዣለሁ። የኪነት ቡድኗ ብሪቱ ባለ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ «የሟቿን ዘፈን» ልትዘፍን ተዘጋጅታለች፤ ታረቀኝ ነው ያስፈቀደላት። ከመዝፈኗ በፊት ማይኩን ራሱ ተቀበለ።

«ጓዶች! በድርቁ ላጣናቸው ሁሉ፣ በተለይም ለድምፃዊት የወርቅውሃ፣ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት።»

የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ። በመንደር ሃያ አንድ ሰልፍ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አየኋት። ብርጌድ መሪው «ተነሺ!» ሲል በጣቱ ትከሻዋን ነካት። ተነሳች። እንደ ሌላው ሰው ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። ሌላ ማይክ አጠገቤ ቆሟል፤ ማብሪያ ማጥፊያውም እኔ ጋ ነው። አንድ እርምጃ ብራመድ ያ ሁሉ ሕዝብ ይሰማኛል። ስልሳ ሰከንድ ረጅም ነው፤ ሙሉውን ቆሜ ጨረስኩት። «አመሰግናለሁ» አለ ታረቀኝ፤ ሁሉም ተቀመጠ፤ ብሪቱ ጀመረች። ጭብጨባ ታዘዘ። የወርቅውሃም አጨበጨበች፤ ምቱን ሳትስት።

ከዚያ ወዲያ ሱቁ ዝር አላለችም። ታረቀኝ ሦስተኛ ካሴት ሊያስቀርጻት ሁለት ጊዜ ሰው ላከ። ኅዳር ሲገባ «ሂድና አምጣት፤ ብስኩት ነገር ያዝላት» ብሎ እኔን ላከኝ።

መንደር ሃያ አንድ ስደርስ ጎጆዋ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ጎረቤቷ አሰለፈች የምትባል ጠና ያለች የላስታ ሴት ናት፤ ማሽላ ትወቃ ነበር። ግራ ቀኝ ካየች በኋላ ነው የመለሰችልኝ።

«ከአራት ሰዎች ጋራ ወደ ኩርሙክ ወጥታለች፤ ወደ ሱዳን። ሁለቱን ወታደር አግኝቷቸዋል አሉ። ሁለቱ ወንዶች ይሁኑ፣ እሷ ትኑርበት፣ አናውቅም።»

«ለመንደሩ ሊቀ መንበር ምን አላችሁ?»

«ምን እንላለን? ሰው ጠፋ ከተባለ ብርጌዱ በሙሉ ነው የሚቀጣው። በወባ ሞተች አልን። ማን መቃብር ቆፍሮ ያያል? ከተማው ሁሉ ሞተች ሲል ከርሞ የለም እንዴ? ጸሐፊው እንኳ ‹እስካሁን አልተመዘገበችም?› ብሎ ነው የጻፋት።» ዱላዋን አሳርፋ ትክ ብላ አየችኝ። «ዘመዷ ነህ?»

«አይደለሁም። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ።»

«ውይ፣ እሰይ!» አለች። ወደ ጎጆዋ ገብታ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ሬዲዮ ይዛ ወጣች። ባትሪው ፈስሶ ውስጡን በልቶታል። ያመጣሁትን ብስኩት ለልጆቿ ሰጠሁና፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ብሎኑን መፍታት ጀመርኩ።