ፊደሉ የእሷ፣ ቁጥሩ የእሱ

«ይሄን መስመር ማን ነው የሰረዘው?»

የባሏ ወንድም፣ የልጆቿ አጎት፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሰዎች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ዞረው አዩዋት። ባሏ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

«ጽሑፉ የእሷ ነው» አለ አጎትየው። ቁፋሮ የሚያስቆፍር ሰው ነው፤ ማሽን እየጮኸም ድምፁ ይሰማል። «የመዋኛ ገንዳው ወጪ ዝርዝር ነው። ‹የአፈር መደገፊያ ጣውላ› ይላል፤ ተሰርዟል። ጣውላው ቢኖር ኖሮ አፈሩ ወንድሜ ላይ ይናድ ነበር? ገንዘብ ቆጥባ ገደለችው!»

«ኧረ ተው፣ በሰው ፊት» አለች ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ።

«በሰው ፊት ነው የምለው! ልጁን ይዤው እሄዳለሁ። ከአባቱ ገዳይ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይኖርም።»

ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሃያ ዓመቱ ነው። አባቱን በእጁ ቆፍሮ ያወጣው እሱ ነበር፤ ጥፍሮቹ ተነቃቅለው ጣቶቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። እናቱን አላያትም። ብርጭቆ የምትሰበስበው የአሥራ ሁለት ዓመት እህቱ ግን አንዴ እሱን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። እናትየው ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህን ብቻ ፈራች፤ ልጄ አምኖት ይሆን?

ባሏን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ነበር የሚለው። ሰው ቤት ሲጋበዝ እንኳ ጠረጴዛውን ለክቶ ነው የሚቀመጠው እያሉ ይስቁበት ነበር። ሃያ አምስት ዓመት የሰው ገንዳ ሠራ። አንድ ቀን የጨረሰው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ። የገንዳው ባለቤት «አውጣ እግርህን!» ብሎ ሠራተኞቹ ፊት ጮኸበት። ሜትር የዚያን ቀን ቤት ገብቶ ሳህኑን ከነምግቡ ግድግዳ ላይ ከሰከሰው። በማግስቱ ለራሱ ገንዳ ሊሠራ ጓሮውን ለካ። አምስት ሜትር በሦስት፣ ጥልቀቱ ሁለት ተኩል።

እሱ ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቅም። እሷ ደግሞ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን እሑድ እሑድ ለሁለት ሠሩት። እሷ የዕቃውን ስም በእስክሪብቶ ትጽፋለች፣ እሱ ጎኑ ላይ በወፍራም የአናጢ እርሳሱ ዋጋውን ያስቀምጣል። ሲሚንቶ። አሸዋ። ብረት። «ፓምፕ የቱ ነው?» ይላት ነበር፤ ጣቱን ይዛ ፊደሉ ላይ ታስኬድለታለች። በትዳራቸው እንደዚያ ተጠጋግተው የተቀመጡበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ሲደመር ካላቸው ገንዘብ በለጠባቸው። የገንዳውን ሰማያዊ ሴራሚክ ቀንስ ቢሉት የሚሰማ አይደለም።

«ጣውላውን ሰርዢው» አላት።

«አፈሩ እኮ ልል ነው። ቢናድስ?»

«ገንዳ የምሠራው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«ልጆቹ ናቸው አብረውህ የሚገቡት።»

ግንብ በሚያስተካክልበት የብረት ውሃ ልክ መታት። ጆሮዋ ሥር ተተረተረ፤ ደሙ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። እስክሪብቶውን አንስታ የጣውላውን ስም ሰረዘች። እሱም ቁጥሩን ሰርዞ ገንዘቡን ሴራሚኩ ላይ ጨመረው። ከዚያ በሸሚዙ እጅጌ አንገቷን ጠረገላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደበት።

«ስጠኝ» አለችው አሁን አጎትየውን።

«ምን ልታደርጊው?»

«ላነበው።»

«በሰው ፊት ማንበብ ደግሞ ጀመርሽ?» ብሎ ሳቀ። ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። በሰው ፊት አንብባ አታውቅም፤ ጣቷን ከቃሉ ሥር አስቀመጠች።

«ፊደሉ የእኔ ነው፤ ቁጥሩ የእሱ ነው። ስሙን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ቁጥሩን ግን እዩት፤ በራሱ እርሳስ ነው የተሰረዘው። ጣውላው ይቅር ያለው እሱ ነው። አይሆንም ስለው ይሄን አደረገኝ።» ሻሿን ገለጠች። ቁስሉ ገና አልሻረም።

«የሞተ ሰው ስም ታጠፊያለሽ!»

ጥፊው ወንበሩ ላይ ጣላት። ቴርሞሱ ወድቆ ፈነዳ። አጎትየው ዳግመኛ እጁን ሳያነሳ ልጁ ደረሰበት።

በግንባሩ አፍንጫውን ገጨው። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ተንበርክኮ በፋሻ በተጠቀለለው ቡጢው ፊቱን ይወግረው ጀመር። አንድ ጥርስ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ሰው ጮኸ፣ ወንበር ተገለበጠ። አጎትየው መከላከሉን ተወ፤ ልጁ ግን አልተወም። ፋሻው ተፈትቶ የማን ደም እንደሆነ አይለይም።

«በቃው! ልጄ፣ በቃው!» ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

የልጇ ቡጢ ዞሮ አገጯ ላይ አረፈ።



«እማዬ... አላየሁሽም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችው። ይህን ቃል ለአባቱ ስንት ጊዜ እንዳለችው እሷ ብቻ ነች የምታውቀው። ቀና ስትል ሴት ልጇን አየቻት፤ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። አታለቅስም። ድብደባ መቼ እንደሚያልቅ የምታውቅ ሰው ትመስላለች።

በማግስቱ እናትየው የወንድ ልጇን ቦርሳ አዘጋጀች።

«ወዴት ልሂድ?» አላት።

«አክስትህ ጋ። እየመጣሁ አይሃለሁ።»

«አጎቴ እንዳይወስደኝ ብለሽ አይደል እንዴ ያን ሁሉ የተናገርሽው?»

«ለዚያ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እህትህ አለች። ዳግም ጠረጴዛ ሥር ገብታ ጆሮዋን እንድትይዝ አልፈልግም።»

ጃኬቱን ለበሰ፤ ጣቶቹ ግን ቁልፉን መያዝ አልቻሉም። ቀረብ ብላ ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችለት፣ እስከ አንገቱ።

አጎትየው ከአንድ ቀን በፊት በሰው ተደግፎ ሄዶ ነበር። ልጇ ያን ጠዋት ሄደ። እሷና ሴት ልጇ ቀሩ።