ባለቤት የሌለው ጀሪካን

ዘውድነሽ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ አሰብ ማስተማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። በ1977 ሚያዝያ ላይ ዲሬክተሩ ጠርተው፣ ሰኔ ላይ በዓመቱ መዝጊያ በዓል ወላጆች ፊት የሚነበብ አጭር ልብ ወለድ እንድትጽፍ አዘዟት። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ቀደደችው። አንደኛው ስለ አንድ የፓሪስ ሠዓሊ ነበር፤ ፓሪስን አታውቃት፣ ሠዓሊም አታውቅ።

«እዚህ አገር ከሙቀት በቀር ምን የሚጻፍ አለ?» አለቻቸው ጎረቤቷን ጋሽ ገሠሠን።

ጋሽ ገሠሠ የነዳጅ ማጣሪያው መካኒክ ናቸው። «እኔ ሞተር ሲያስቸግረኝ መፍቻ ለማንሳት አልቸኩልም፣ ልጄ። ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ። አንቺም ነገ ጠዋት ቦኖው ጋ ሂጂና ዝም ብለሽ ተመልከቺ።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ደብተሯን ይዛ ውሃ መቅጃው አጠገብ የግንብ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ያወጋሉ። መጀመሪያ ምንም አልታያትም። ቆይታ ግን እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት አንድ ጀሪካን ባለቤት እንደሌለው አየች። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከኋላው ያለችው ሴት በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። እሷ ልጇ አልቅሶባት ወደ ቤት ስትሮጥ፣ የተተካችውም ገፋችው። ማንም ለማንም ምንም አላለም።

ዘውድነሽ አላስቻላትም። «ይሄ የማን ነው?»

«የታየች ነዋ! ከወለደች ሳምንቷ» አለች ሂሩት የምትባል ሳቂታ ሴት።

«እሷ አደራ ስላለቻችሁ ነው?»

«ኧረ እቤት ውስጥ ማንም አያውቅም! ሞልተን በሩ ላይ አስቀምጠን እንሄዳለን። እናቷ እማማ ሐረገወይን፣ አማቼ ወደብ ከመግባቱ በፊት ቀዳልኝ ይላሉ። አማችየው ካሣ ደግሞ እሳቸው የቀዱት ይመስለዋል። ለምን እንደሆነ ሳይነጋገሩ ሲመራረቁ ነው የሚውሉት!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዘውድነሽም እየሳቀች ትጽፍ ጀመር፤ እጇ ከሐሳቧ እኩል መሮጥ አቃተው። በዚያው ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ጨረሰችው። በበዓሉ ላይ ብታነበው ቅር ይላቸው እንደሆነ ሴቶቹን ስትጠይቃቸው ሁሉም «አንብቢው!» አሏት።

በዓሉ ሲደርስ የታየች ልጅ ክርስትና ተነሥቶ ስለነበር ቤተሰቡ በሙሉ ከሂሩትና ከቦኖው ሴቶች ጋር መጣ። ዘውድነሽ ስሞቹን ቀይራ አነበበች። ምርቃቱ ጋ ስትደርስ እማማ ሐረገወይን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ካሣ! አንተ አልነበርክም እንዴ?»

«እኔማ እርስዎ ነዎት ብዬ…»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ታየች ልጇን አቅፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እንግዲያው ያን ሁሉ ምርቃቴን ከሱ ላይ አንሥቼ ለነዚህ ሴቶች ሰጥቻለሁ!» አሉ እማማ ሐረገወይን፣ እጃቸውን ወደ ሂሩትና ጓደኞቿ ዘርግተው። እልልታው ቀለጠ። ካሣም ተነሥቶ ሴቶቹን አንድ በአንድ እየዞረ ሳማቸው።

ዘውድነሽ የመጨረሻውን ገጽ ሳታነብ ቀረች። የጠየቃትም አልነበረም።