አንድ ቁንጥር የዳቦ ፍርፋሪ

ግሌኒስ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በጥር ወር አንድ እሑድ ክለባችን አንድ ትልቅ የውሃ ቦይ ዳር ባዘጋጀው የዓሣ ማጥመድ ውድድር ላይ ዕጣ ከክላይቭ ጎን አስቀመጣት። ክላይቭ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ነው።

የቦዩ ዳር ሣር አመዳይ ለብሷል። በእንዲህ ያለ ብርድ ዓሣ ብዙ አይበላም፤ ከጠገበ መንጠቆውን ዞር ብሎም አያየው። ግሌኒስ ይህን ስለምታውቅ ዓሦቹን ለመሳብ ቦዩ መሃል አንድ ቁንጥር የዳቦ ፍርፋሪ ብቻ ጣለች። ክላይቭ ግን በእፍኝ በእፍኝ ይወረውር ጀመር።

«ምነው ግሌኒስ፣ ዳቦውን ለምሳሽ ቆጠብሽው እንዴ?» አላት።

«አንተ ደግስላቸው፤ እኔ ቁርስ ብቻ ነው የማበላቸው» አለችው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አልነካላትም። ፍርፋሪ ልትጨምር ሁለት ጊዜ እጇን ሰደደች፤ ሁለቴም መለሰችው። በመጨረሻ መሃሉን ለጊዜው ልታሳርፈው ወሰነችና መንጠቆዋ ላይ ትል ሰክታ ከዳር ትንንሽ ዓሦች ስትለቅም ቆየች። መንጠቆዋን መልሳ ወደ መሃል ስትጥል ክሩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ዓሣ ጎትቶት ወዲያው ሰመጠ። ከዚያ በኋላ ብርማ ዓሦች ተከታተሉላት። የክላይቭ ተንሳፋፊ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ነበር የሚሰምጠው።

በሚዛን የግሌኒስ አራት ፓውንድ፣ የክላይቭ ሦስት ሆነ። አንደኛ የወጣው ከቦዩ ድልድይ ማዶ ሲያጠምድ የነበረ ሆረስ የሚባል ሌላ የክለባችን አባል ነው።

«ሁለተኛ ወጥተሽ ምን ያስቅሻል?» አላት ክላይቭ መጠጥ ቤት ስንገባ።

«አንተን በልጬ ነዋ!»

«እሺ፣ ዓሦቹ መሃል ላይ መሰብሰባቸውን በምን አወቅሽ?»

«የት አውቄ! እግሬ ደንዝዞ ብድግ ስል ነው እስቲ ልሞክር ያልኩት።»

ክላይቭ ከት ብሎ ሳቀና የድንች ጥብሱን ሳህን ወደ እሷ ገፋላት።