ወንዴውን ፍለጋ

የካናቢስ አበባዋን በሁለት ጣቴ ፈተግ ሳደርጋት አንድ ጠጣር ነገር ተሰማኝ። ዘር! ሌላዋንም ፈተግኋት፤ ዘር። አራቱም ተክሎቼ አርግዘዋል። ንዴቴን አትጠይቁኝ። ሴቴ ብቻ ናቸው ተብዬ ገዝቼ እንደ ሕፃን ያሳደግኋቸው ናቸው። ዘር የያዘች ደግሞ ጉልበቷ ሁሉ ዘሯ ላይ ያልቃል፤ ለጀርባዬ ሕመም የሚሆን ደህና ዘይት አይወጣትም።

አራት ተክል ማሳደግ እዚህ አገር ሕጋዊ ነው። ለሐበሻ ግን ይህን ማን ያስረዳዋል? ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። ለነገሩ የምነግረውም ሰው አልነበረኝም። ከውቢት ጋር ተፋትተን ካልጋሪ ከሄደች ወዲህ፣ የዌስተን አፓርታማዬን በር የሚያንኳኳው ዕቃ አድራሹ ብቻ ነው፤ እሱም ዕቃውን ወርውሮ ይሮጣል።

ማዳበሪያና አምፖል የሚሸጥልኝ ሊዮ የሚባል እዚሁ የተወለደ የሐበሻ ልጅ ነው። ሄጄ ጮህኩበት።

«ጋሼ ሳህሉ፣ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው» አለኝ። «ወይ አጠገብህ ያለ ሰው ሜል፣ ወንዴውን፣ ተክሏል። ብናኙ በመስኮት ይገባል፣ በኮሪደር ይገባል፣ ጃኬት ላይ ሁሉ ይመጣል። ወይ ደግሞ ፕላንቷ ስትሬስ ሆናለች፣ ተጨንቃለች። በጨለማዋ ሰዓት ላይት ከረበሻት፣ ሴቷ ራሷ የሜል አበባ ታወጣለች። ጨለማቸው ጨለማ ነው?»

«ድቅድቅ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው። ተክሎቹ ያሉት መስኮት የሌላት የዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። መብራት የሚረክሰው ሌሊት ስለሆነ ሌሊቱን አበራላቸዋለሁ፤ እኔ ሥራ የምውልበት ቀን የእነሱ ሌሊት ነው።

«እንግዲያው ጎረቤት ነው» አለ። «ለማንኛውም እስኪደርሱ አትቁረጣቸው።»

ጎረቤት! እዚህ ከተማ ያለ ምክንያት የሰው በር አይንኳኳም። ሰው ናፍቆኝ ነው ተብሎ አይንኳኳ ነገር፣ ያሳፍራል። አሁን ግን ምክንያት አገኘሁ። ወደ ቤት ስመለስ ንዴቴ ወደ ደስታ ሲለወጥ ታወቀኝ፤ በራሴ አፈርኩ።

ቅዳሜ ከኮሪደሩ ቀኝ ጫፍ ጀመርኩ። አንዱ በር አልተከፈተም። ሁለተኛው ላይ አንድ ጎረምሳ አጮልቆ አየኝና «ኖ ታንክስ» ብሎ ዘጋው፤ ሰባኪ መስዬው መሆን አለበት። ሦስተኛው ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው ነው። ሻርፕ የደረቡ አሮጊት ከፈቱልኝ።

ጎረቤት ነኝ የሚለውን እንግሊዝኛዬን ሳልጨርስ «አንተ፣ ሐበሻ አይደለህ እንዴ? ግባ እንጂ!» አሉኝ።

እማማ ምሥራቅ ይባላሉ። ልጃቸው አስመጥታቸው፣ እሷ ለሥራ ኦታዋ ስትሄድ ብቻቸውን ቀርተዋል። በረንዳቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ በሶብላና ጤና አዳም ብቻ ነው ያለው።

«ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ወንዴ ተክል እየፈለግሁ ነው፣ እማማ። ሴቴዎቼን ዘር አስያዘብኝ። ለጀርባዬ የሚሆን መድኃኒት ነው።» ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሆነ ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ።

«እንደ ፓፓያ በለኛ! ፓፓያም ወንዴና ሴቴ አለው። አይዞህ፣ አብረን እናገኘዋለን።» ሻይ እየቀዱልኝ ቀጠሉ። «ቤትህ መቼም እንግዳ አይጠፋበትም። ጧት ማታ በአማርኛ ሲጫወቱ እሰማለሁ። ስንቴ ላንኳኳ ብዬ፣ ሰው በሞላበት ቤት ገብቼ ምን ልሁን ብዬ ተውኩት።»

ሻዩ ትን አለኝ። ምን እንግዳ አለኝ? ቴሌቪዥኑ ነው። ውቢት ከሄደች ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም፤ ከሥራ ስመለስ ዝም ያለ ቤት እንዳይቀበለኝ ብዬ ነው። ይህ ለሰው እንዴት ይነገራል?

«አዎ፣ ሰው ይበዛል» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ፣ በር ለበር ሆነ። በማይችሉት እንግሊዝኛ «ፕላንት! ቦይ!» ሲሉ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። የበረንዳ ቲማቲሙን ያሳየን አለ፣ ኬክ ያበላን አለ። ወንዴው ግን የለም። ሰው ባናገኘውስ ብሎ ይሰጋል፤ እኔ ብናገኘውስ ብዬ መስጋት ጀመርኩ። ካገኘነው በምን ምክንያት የእማማን በር አንኳኳለሁ?

ትናንት ከሥራ ቀርቼ ስለነበር፣ ቀን ላይ ሻንጣ ፈልጌ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባሁ። ጨለማቸውን እንዳልረብሽ መብራት ሳላበራ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ቅጠሎቹ ሰማያዊ ሆኑ። ከዚያ ቀይ። ደግሞ ሰማያዊ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የቴሌቪዥኑ ብርሃን እየገባ ተክሎቹ ላይ ይጫወታል። ስንት ወር ሙሉ፣ እኔ ሥራ ስውል፣ እንዲህ ሲረብሻቸው ከርሟል።

መብራቱን አብርቼ አበቦቹን አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። አንደኛዋ መሐል የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ እንደ ሙዝ የጎበጠች ቢጫ ነገር ብቅ ብላለች። የወንዴ አበባ፣ እዚያው ሴቴዋ ላይ። ጥፋተኛ ጎረቤት አልነበረም። ማንም አልነበረም። ዘሩን ያመጣችው ራሷ ናት፣ ያስጨነቅኋትም እኔ።

ቢጫዋን ነቅዬ ሳሎን ገባሁና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ቤቱ ጭር አለ። ያ ስፈራው የኖርኩት ዝምታ መጣ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ሆድ ባሰኝ፤ ይህን የሚያህል ሰውዬ አለቀስኩ።

በሩ ተንኳኳ።

እማማ ምሥራቅ ናቸው፤ ሻርፓቸውን እንኳ አልደረቡም። «ድምፃችሁ ቢጠፋብኝ ደነገጥኩ። ደህና ነህ?» በትከሻዬ አሻግረው ቤቱን አዩት። «ሰዎቹስ?»

«ሄዱ፣ እማማ።»

ጥቁር ብሎ የቆመውን ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ዓይኔን አዩ።

«ወንዴውስ? ተገኘ?» አሉኝ።

ቢጫዋ አበባ መዳፌ ውስጥ ናት። ጨበጥኳት።

«አልተገኘም።»

«ተመስገን!» አሉ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እጃቸውን አወረዱና፣ «በል ጫማህን አድርግ» አሉኝ። «ስምንተኛ ፎቅ ይቀረናል።»